ከሌሶ ደሴት አጠገብ፣ በጉም

«አሥራ ስድስት ክንድ!» ብዬ ጮህኩና ገመዱን ስቤ ጥልቀት መለኪያውን የእርሳስ ክብደት ከባሕር አወጣሁት። ከሥሩ በተለሰነው ሞራ ላይ ከባሕሩ ወለል ተጣብቆ የመጣውን አየሁ። ነጭ አሸዋ መሆን ነበረበት። የመጣው ግን ጥቁር ጭቃና የዛጎል ስብርባሪ ነው።

ጉሙ የገዛ ምሰሷችንን ጫፍ ሸፍኖታል። ከኋላችን አምስት የዴንማርክ መርከቦች የእኛን ደወል እየሰሙ ይከተሉናል። መንገዱን የቀየሱት አድሚራል ሞገንስ ራቭንሆልት ራሳቸው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት በዚህ ባሕር የተዋጉ ሰው። እኔ ጥልቀት የምለካ ተራ መርከበኛ ነኝ። ብቻ የተወለድኩት ሌሶ ደሴት ላይ ነው፤ ይህን ጭቃ ከአባቴ መረብ ላይ ስፍቅ ነው ያደግኩት።

«ጌታዬ፣» አልኩት አጠገቤ የቆመውን መቶ አለቃ ኢቨርን፣ «መንገድ ስተናል። ይሄ የሌሶ ዳር ጭቃ ነው፤ ፊት ለፊታችን አለት አለ።»

«አድሚራሉ ተሳስተዋል ልትለኝ ነው?»

«እኔ አላልኩም። ጭቃው ነው።»

«አፍህን ዝጋና ለካ! ዓሣ አጥማጁ ሁሉ አድሚራል ሆነብን እኮ!»

እንደገና ጣልኩ። «አሥራ አራት!» መርከባችን ወለሉን ሳትነካ ለመንሳፈፍ አሥራ አንድ ክንድ ውኃ ትፈልጋለች።

አድሚራሉ በሪህ ያበጠ እግራቸውን እየጎተቱ ደረጃውን ሲወርዱ አየሁ። ወሬያችንን ሰምተዋል።

«እስቲ አሳየኝ።» ጭቃውን በጣታቸው አሹት፤ አሸተቱት፤ ምላሳቸው ላይም አደረጉት። «እርግጠኛ ነህ?»

«ሌሶ ላይ ሦስት ልጆች አሉኝ ጌታዬ። በእነሱ እምላለሁ።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ መሪውን የያዘው ሰው እንኳ እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ «ተሳስቻለሁ!» አሉ። «ወደ ግራ አዙር! ለተከታዮቻችንም የመዞሪያውን መድፍ ተኩሱ!»

«ጌታዬ፣ ጠላቶቻችን ስዊድኖች ይሰሙናል!» አለ ኢቨር።

«ይስሙን።»

«ኮፐንሃገን ያሉት አለቆች ሲጠይቁንስ ምን እንላለን?»

«የሆነውን። መዝገቡን አምጣ፤ ራቭንሆልት መንገድ ሳተ፣ መርከበኛው... ስምህ ማን ነው?»

«ቴርኬል።»

«ቴርኬል አረመው ብለህ ጻፍ። አሁኑኑ።»

መድፉ ጮኸ። ምልክቱን ሰምታ የዞረች መርከብ አንድ ጊዜ ተኩሳ መመለስ አለባት። አንድ ሰማን። ሁለት። ቆይቶ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ቀረ።

አድሚራሉ ከጎኔ የመርከቧን የጠርዝ አጥር ጨብጠው ቆመዋል። «ሁለት መቶ ሰው፣» አሉ ለማንም ሳይሆን። «በእኔ ጥፋት ሁለት መቶ ሰው። ድገሙት!»

በድጋሚ ተኮስን። ውኃው የመርከቧን ጎን ሲመታ ብቻ ይሰማል። ከዚያ በጣም ከሩቅ፣ የታፈነ ድምፅ፤ ድው።

ጥቂት ቆይቶ ነፋስ ነፈሰና ጉሙ መገፈፍ ጀመረ። በስተቀኛችን፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት፣ ማዕበሉ ጥቁር አለት ላይ እየተፈረካከሰ ነጭ አረፋ ይተፋል። ሰዉ ሁሉ ለማየት ወደ ቀኝ ተንጋጋ። ኢቨር ባርኔጣውን አወለቀ።

አድሚራሉ ግን ለአለቱ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ወደ ኋላ ዞረው፣ ጣታቸውን ዘርግተው፣ ከጉሙ እየወጡ ያሉትን ሸራዎች አንድ በአንድ ይቆጥራሉ።