የአዲሱ አሰልጣኝ ዝምታ

የዩኒቨርሲቲው ቡድን በፍጻሜው ጨዋታ ሁለት ለባዶ እየተመራ ለእረፍት ሲገባ፣ ፍጹም ቅጣት ምት የሳተው አምበል መልበሻ ክፍል አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ።

የቀድሞው አሰልጣኝ ጋሽ ደምመላሽ ቢሆኑ ኖሮ የሚመጣውን ያውቀዋል። በሩን በእርግጫ ብለው ይገባሉ፤ ዘር ማንዘር ቆጥረው ይሳደባሉ፤ ጥፋተኛውን በጥፊ ያጮሉታል። ከዚያ በኋላ ሁሉም እንደ ነብር ሆኖ ይወጣል። ዋንጫ ሲመጣ የኖረው እንዲያ ነው።

ወጣቱ አሰልጣኝ ሽመክት ግን ከመጣ ጀምሮ ተቆጥቶ አያውቅም። አሁንም ጎንበስ ብሎ የተከላካዩን ያበጠ ቁርጭምጭሚት በበረዶ ያሻል። ዝምታው አምበሉን ከስድብ በላይ አስጨነቀው። ተነሥቶ ሄዶ በግራ ጎኑ ቆመ።

«ኮች፣ የሆነ ነገር በለን እንጂ!»

ሽመክት ቀና አላለም።

«ንቀኸን ነው? ጋሽ ደምመላሽ ቢሆኑ ይሄኔ በጥፊ አጩለውኝ ነበር። ሰው ያደረገን የእሳቸው ጥፊ ነው!»

ሽመክት ተጫዋቾቹ ሁሉ ማፍጠጣቸውን ሲያይ በረዶውን አስቀምጦ ወደ አምበሉ ዞረ።

«በቀኝ በኩል ሆነህ ንገረኝ» አለው በለሆሳስ። «የጋሽ ደምመላሽን ስም ብቻ ነው የሰማሁት። እኔም እዚሁ ተማሪ ሳለሁ አምበላቸው ነበርኩ። አንድ ቀን ተሸንፈን ገባን፤ ከዚያ ወዲህ ግራ ጆሮዬ አይሰማም።»