ማንም ያልነካው ፎጣ

የትንሿ ሆቴል ባለቤት የጓሮውን በር ስትከፍት፣ ልብስ አጣቢዋ እጇን እስከ ክርኗ ሳፋ ውስጥ ነክራ ነጭ ፎጣ ታሽ ነበር። ባለቤቲቱ ደሟ ፈላ። «ፎጣዎን ደግመው ይጠቀሙ፣ ውሃ አናባክን» የሚለውን ማሳሰቢያ በየክፍሉ የለጠፈችው ራሷ ነበረች፤ በርሜል ውስጥ ላጠራቀመችው የዝናብ ውሃ እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትሳሳለት።

«ምን ነካሽ አንቺ! ማን ያቆሸሸውን ነው የምታጥቢው? እንግዳ ዝር ሳይል ሁለት ወር አለፈ እኮ!»

«ንጹሕ ነው፣ እትዬ።» አጣቢዋ ቀና አላለችም። «የማስጫው ገመድ ባዶ ሲሆን መንገደኛው ሆቴሉ የተዘጋ ይመስለዋል። ልብስ ከተሰጣ ግን፣ ሰው ያደረበት ይመስላል ብዬ ነው።»

ባለቤቲቱ ዞር አለች። ገመዱ ላይ አምስት ፎጣዎች ይንጠባጠቡ ነበር፤ ከአጭሩ አጥር ወዲያ መንገዱ ጭር ብሏል። በርሜሉን አየችው፤ ከግማሽ በታች ወርዷል። ሰማዩን አየችው፤ የደመና ምልክት እንኳ የለበትም። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ከሳፋው ማዶ ቁጢጥ አለች።

«አንሶላዎቹንም አምጪያቸው» አለች። «በአምስት ፎጣ ማን ያምነናል?»