የቀዘቀዘው ቸርኬ

ቱሪ ልጅ ሳለ በአርብቶ አደሮቹ መንደር፣ ማንያታ ውስጥ፣ ሁለት ሾፌሮች ስለ ቀዘቀዘ ቸርኬ ሲያወሩ ሰምቶ ነበር፤ አሁን የሚያስታውሰው አንደኛው ድምፁን ዝቅ ማድረጉን ብቻ ነው። ዛሬ ራሱ ሾፌር ሆኖ፣ ቦሎቄ የጫነች ባለ ተሳቢ መኪናውን ቁልቁለት መሃል ሲያቆም የተቃጠለ ፍሬን ሸተተው። የቦሎቄውና የተሳቢው ባለቤት ሐጂ መሐዲ ከኋላ ሲከተሉበት ከነበረው ፒካፕ ወረዱ።

«የተሳቢው ፍሬን ይሠራል ብለውኝ ነበር፣ ሐጂ።»

«ይሠራል እንጂ። አንተ ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ እያልክ ውረድ» አሉ፣ ዓይኑን ሳያዩ።

ቱሪ የመኪናዋ ቸርኬ ላይ ውሃ ጠብ አደረገ፤ ቸስ ብሎ ተነነ። ከዚያ መዳፉን የተሳቢው ቸርኬ ላይ አሳረፈ። ቀዝቃዛ ነበር። የተሳቢው ፍሬን ጨርሶ አልያዘም፤ ያን ሁሉ ጭነት በራሷ ፍሬን ይዛ የወረደችው መኪናዋ ብቻዋን ነበረች።

«ይሠራል ካሉ ጋቢና ከጎኔ ይቀመጡና አብረን እንውረድ።»

ሐጂ ታች ያለውን መታጠፊያ ረዘም አድርገው አዩት።

«እሺ» አሉ፣ «ጎማው ሥር ድንጋይ እናስደግፍና ተሳቢው ከመኪናዋ ይፈታ።»