ያልተደረሰ ለቅሶ

የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ላይ ሰዉን ባጨደበት ዓመት፣ አንድ ሲራራ ነጋዴ ታሞ ራሱን ሳተ። አብሮት የሚነግደው የአገሩ ልጅ ሞቷል ብሎ ጥሎት መርዶ ሊነግር ወደ መንደራቸው ገሠገሠ።

ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ መርዶው ተነገረ። መርዶ ነጋሪው ያስለው ነበር፤ ለቅሶ ያነቀው መሰላቸው። እያቀፉ ሳሙት። የነጋዴው ሚስት አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ልጆቹም እንደዚያው። ድፍን መንደሩ ሦስት ቀን አንድ ዳስ ውስጥ ተቃቅፎ አነባ፤ አብሮ በላ፤ አብሮ አደረ።

የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከነጋዴው ጋር በድንበር የተጣላው ጎረቤቱ ቢተው።

«ለቅሶ እንኳ የማይደርስ አውሬ!» ብለው ረገሙት። ሁለተኛ ከእሱ ጋር እሳት ላይጫጫሩ፣ ቢሞትም ላይቀብሩት ተማማሉ።

ነጋዴው ግን አልሞተም ነበር። ሲሻለው ለሚስቱ ሻሽ ገዝቶ፣ በዱላ እየተደገፈ አገሩ ገባ። ሲያዩት የሚደነግጡትን ድንጋጤ እያሰበ መንገዱን ሁሉ ብቻውን ሲስቅ ነበር የመጣው።

መንደሩ ውስጥ ጭስ የሚወጣው ከአንድ ጎጆ ብቻ ነበር። ቢተው ዶማውን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ ከዚያ ወጣና ሲያየው ክው ብሎ ቀረ።

«ሰዉ የት ሄደ?» አለ ነጋዴው። «ሚስቴስ? ልጆቼስ?»

ቢተው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የተቆለለውን ትኩስ አፈር በዶማው አመለከተው።

«ለቅሶህን የደረሰው ሁሉ እዚያ ነው» አለው።