በቀቀኑ በአባቱ ድምፅ የተናገረው

«ወይ እሱ ይውጣ... ወይ እኔ ልውጣ!»

ሚስትየው የተቦጨቀውን ሶፋ እያሳየች ጮኸች።

ባሏ ኢንጂነሩ ምን ይበል?...

ወፉ የእሱ አይደለም። የአባቱ ነው።

አባቱ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ጀምሮ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት... ከዚህ በቀቀን ጋር። ሰሞኑን ደረጃ ላይ ወድቀው፣ እግራቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ሲገቡ ልጃቸውን የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ቀለሜን አደራ...»

ቀለሜ እውነትም ስሙን ይመስላል። ራሱና ደረቱ ደማቅ ቀይ... ክንፉ ላይ ቢጫ፣ ከቢጫው ስር ሰማያዊ... ጅራቱማ ከቀረው ገላው ይረዝማል! ለውዝ ሲሰጡት በግራ እግሩ ይዞ፣ እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብሎ ይፈለፍላል።

አመሉ ግን... ጉድ ነው!

ጎህ ሲቀድ አንዴ፣ ጀምበር ስትጠልቅ አንዴ ሰፈሩን በጩኸት ያናውጠዋል። ያገኘውን እንጨት ሁሉ ያኝካል።

እነሱ ቤት በመጣ በአራተኛው ቀን ግን... ዝም አለ።

የደረቱን ላባ በገዛ መንቆሩ እየነቀለ ይጥል ጀመር።

«አባባን ምን ልላቸው ነው?» ብሎ ኢንጂነሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይዞት በረረ።

ሐኪሟ አገላብጣ አየችው።

«በሽታ የለበትም። እነዚህ ጫካ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚበሩት... አንዴ ከተጣመሩ አይለያዩም። የዚህኛው ጥንድ አባትዎ ናቸው። ናፍቀውት ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አጠገቡ ቁጭ ብለው ያጫውቱት።»

ቤት እንደደረሰ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከወፍ ጋር ምን ይወራል?... ግራ ገባው።

«እሺ... እንዴት ነህ?»

ወፉ አንገቱን ዘመም አደረገ።

«ደህና ነኝ ልጄ! አንተ ስራህን ስራ... እኔ ምንም አልጎደለኝም!»

ቁርጥ የአባቱ ድምፅ! በየሳምንቱ በስልክ የሚሰማው መልስ...

ኢንጂነሩ ሳቁ አመለጠው።

ወፉ ግን አልጨረሰም። በረጅሙ ተነፈሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ...

«ዘጋው... ዛሬም ቸኩሏል። በል ቀለሜ፣ አንተ አጫውተኝ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

ሚስትየው በሩ ላይ ቆማ ሰምታ ነበር... ለውዝ አምጥታ ለወፉ ሰጠችው።

በነጋታው ሆስፒታል ሄዶ ቀኑን ሙሉ ዋለ። «ስራህስ?» ቢሉት፣ «ስራው የትም አይሄድም» አላቸው። ሲድኑም ቤቱ ሊወስዳቸው ለመናቸው።

«ቤቴን ትቼማ የትም አልሄድም!» አሉ፣ ግትር ናቸው።

«እንግዲያው እኔ እመጣለሁ።»

አሁን አባቱ ድነው ከነቀለሜ ቤታቸው ተመልሰዋል። እሱም በሳምንት ሦስት ቀን የሕንፃ ፕላኑን የሚሰራው እዚያው፣ አባቱ ልብስ ይሰፉበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቀለሜ ላባ እያቆጠቆጠ ነው... እርሳሱንም እያኘከበት።

ወዳጆቼ... ወላጆቻችን «ደህና ነኝ» የሚሉን ሁሌ ደህና ስለሆኑ አይደለም። እኛ እንዳንጨነቅ ብለው ነው።

እስቲ እናንተስ... ባለፈው ደውላችሁ ስልኩን ከዘጋችሁ በኋላ፣ እናት አባታችሁ ምን ያሉ ይመስላችኋል?

ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... ግን መጀመሪያ ደውሉላቸው።