አሎን ወይስ ሎንሊ

ብቻውን በሚኖር ሰው ቤት ሁሉ የተሰቀለው ስክሪን ማታ ማታ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፦ «አሎን ወይስ ሎንሊ?» አሎን ብቻዬን ነኝ ማለት ነው፤ «አሎን» ያለውን ሰው ማንም አይነካውም። ሎንሊ ብቸኝነት ጎዳኝ ማለት ነው፤ «ሎንሊ» ያለው ሰው በማግስቱ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ጋራ መኖሪያ ይወሰዳል።

«አሎን! ትናንትም ነግሬሃለሁ እኮ!» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። ይህን ቤት ከሟች ባላቸው ጋር ጭቃ አቡክተው ነው የሠሩት።

እጃቸውን ታጥበው ሽሮውን አወጡ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቀለሉና፣ ልማድ ሆኖባቸው፣ «እንብላ» አሉ።

«እንግዳ መጣ እንዴ፣ እማማ?» አለ ስክሪኑ።

«ማን ይመጣል?»

«ታዲያ እንብላ ያሉት ማንን ነው?»

ጉርሻው ወደ ባላቸው ባዶ ወንበር እንደተዘረጋ ቀረ። ስክሪኑ ዳግም ሳይጠይቃቸው ሁለተኛውን ቃል ጻፈ።