ከጸጥታው በኋላ

አራቱ ጓደኛሞች ካንተርበሪ ውስጥ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ የሃያ ደቂቃ ሙዚቃቸውን ከጠዋት ጀምሮ ይለማመዳሉ። መሀሉ ላይ ሁሉም ጸጥ ይላሉ፤ በልባቸው እስከ ሰባት ቆጥረው እኩል ይገባሉ። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ለስሊ ግን ሁልጊዜ ስድስት ላይ ይገባል።

«ጌታው፣ እስከ ሰባት የሚያስቆጥርህ አስተማሪ አጣህ?» አለው ከበሮ መቺው ዴሪክ።

ኦርጋን ተጫዋቹ ክላይቭ አልሳቀም። «አንዴ ብትደግመው ቅዳሜ መድረክ ላይ በቦታህ ሌላ ሰው ይቆማል። በቃኝ! በሉ፣ ከቆጠራው እንጀምር።»

ለስሊን እልህ ያዘው። ያለ እኔ ምን እንደምትሆኑ አያለሁ ብሎ፣ ሳያዩት የቤዙን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቀለና እጆቹን ኪሱ ከተተ።

ሦስቱ አንገታቸውን አቀርቅረው ቆጠሩ። ሰባት ሲሞላ ኦርጋኑ፣ የአራተኛው ጓደኛቸው ጊታርና ከበሮው ገቡ። ቤዙም አብሮ ገባ፤ ወፍራም፣ ንጹሕ፣ ቅንጣት ሳይዛነፍ።

የለስሊ እጆች አሁንም ኪሱ ውስጥ ናቸው።

«እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ ጮኸ ክላይቭ። «ድሮውንም አንተን መያዝ ነበረብን!»

ለስሊ ቀና አለ። ሦስቱም ፊታቸው በርቶ የሚያዩት እሱን አልነበረም፤ ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ ነበር።